ሞገድን በፈረስ የተከተለው ሰው

ማጀቴ አካባቢ ያደገ ሰው ጎርፍን በዓይኑ ሳያይ በጆሮው ይለየዋል። እኔ ግን ያን ቀን አልለየሁትም። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ከአጎቴ ጋር ፍየል እየነዳን ደረቅ ወንዝ እንሻገራለን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አሸዋው እግር ይፋጃል፣ የዝናብ ሽታ እንኳ የለም። አጎቴ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮውን ወደ መንዝ ተራሮች አዘነበለ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ጎተተኝ። ክንዴ የተነቀለ መስሎኝ ልጮህ ስል ነው ውሃው የደረሰው።

ብዙ ሰው ጎርፍ ሲባል ውሃ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ይመስለዋል። የእኛ ደራሽ እንደዚያ አይደለም። ፊት አለው። ከወንዙ ዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ፣ ጉቶና ቅርንጫፍ እየገፋ የሚመጣ ቡናማ ግድግዳ ነው። ከፊቱ ያለው አሸዋ ደረቅ ነው፣ ከኋላው ያለው ሙሉ ወንዝ ነው። ዝናቡ የዘነበው እላይ ደጋ ላይ ሲሆን ሒሳቡን የምንከፍለው እኛ ቆላ ያለነው ነን። ያን ቀን ሁለት ፍየል ሄደብን። በይፋት ቆላ ደራሽ የሚወስደው ግን ፍየል ብቻ አይደለም፤ ይሄን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አድጌ ኢኮኖሚክስ ተማርኩ። ከውሃ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አልነበረም። ያቺ የልጅነት ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። አንድ ባልዲ ውሃ መሬት ላይ ብትደፉ ይዘረጋል፣ ይሳሳል፣ ያልቃል። ታዲያ ያ ውሃ ከተራራው ግርጌ እስከ እኛ ድረስ ቅርጹን ይዞ እንዴት መጣ? ማን አንድ ላይ ያዘው?

አንድ ማታ ስልኬ ላይ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ቪዲዮ አየሁ። ረጅም ገንዳ ነው፣ ግን እውነተኛ ገንዳ አይደለም፤ በቁጥር ብቻ የተሠራ ነው። ከአንደኛው ጫፍ አንዲት የውሃ ጉብታ ተነስታ፣ ሳትሰፋ ሳትሳሳ፣ ብቻዋን እስከ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። ከፊቷም ከኋላዋም ውሃው ጸጥ ብሏል። ይቺ ጉብታ ምን እንደምትባል ስፈልግ ስፈልግ አንድ ስኮትላንዳዊ ጋ ደረስኩ። ከሞተ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ጆን ስኮት ራስል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ራስል በ1808 ግላስጎው ከተማ አጠገብ ተወለደ። የቄስ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነበር። ከዚያ ኤድንብራ ገብቶ ሒሳብና ሳይንስ ማስተማር ጀመረ። በ1832 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሲሞት ወንበሩን ለጊዜው እንዲሸፍን ተደረገ። ቋሚ ቦታውን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። እሱም ፊቱን ወደ ማሽን አዞረ።

መጀመሪያ የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ ነው። በ1834 ከግላስጎው ወደ ፔዝሊ ከተማ ሰው ማመላለስ ጀመረ። ባቡር አይደለም፣ በተራ መንገድ የሚሄድ ነው፤ የዛሬው አውቶቡስ አያት በሉት። የመንገዱ አስተዳዳሪዎች ግን አልወደዱትም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አንዱ ሠረገላ ጎማው ተሰብሮ ቦይለሩ ፈነዳና ተሳፋሪዎች ሞቱ። ሥራው እዚያው ቆመ። ራስል ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ይሄን ዕድሜ ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ ነበር፤ የእኔ ዕድሜ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ሥራ ላይ እናገኘዋለን። ኤድንብራ አጠገብ ዩኒየን ካናል የሚባል በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ መንገድ አለ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝና በስኮትላንድ ዕቃም ሰውም በካናል ይጓዛል። ጀልባውን የሚጎትተው በካናሉ ዳር የሚሄድ ፈረስ ነው። የራስል ሥራ ጀልባዎቹን እንዴት ማፍጠን እንደሚቻል፣ በፈረስ ፈንታ እንፋሎት ያዋጣ እንደሆነ ማጥናት ነበር። ባቡር እየመጣ ስለሆነ የካናል ባለቤቶች ተጨንቀዋል። በእኔ ትምህርት ቋንቋ፣ ተወዳዳሪ ገበያ ሲገባ ነባሩ ነጋዴ ምርምር ትዝ ይለዋል።

እዚህ ላይ የምወዳት አንዲት ታሪክ አለች። በሌላ የስኮትላንድ ካናል፣ ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው ዊልያም ሂውስተን የሚባል ሰው ጀልባ ላይ ሳለ ፈረሱ ደነገጠና ጀልባውን እየጎተተ መጋለብ ጀመረ። በተለምዶ ጀልባ ሲፈጥን ከኋላው የሚነሳው ማዕበል የካናሉን ዳር ይንዳል፣ ፈረሱም ቶሎ ይደክማል። ያን ቀን ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ፍጥነቱ ከሆነ ልክ ሲያልፍ ማዕበሉ ጠፋ፣ ጀልባዋም ቀለል ብላ መንሸራተት ያዘች። ሰውየው ነጋዴ ነውና ወዲያው ገባው፤ ፈጣን የመንገደኛ ጀልባ በፈረስ እያስጎተተ ገንዘብ መሥራት ጀመረ። ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ጀልባዋ በራሷ ሞገድ ጀርባ ላይ ወጥታ እየጋለበች እንደነበር በኋላ ያስረዳው ራስል ነው።

ነሐሴ 1834። በእኛ ነሐሴ 1826 መሆኑ ነው፤ ሸዋንና ይፋትን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚገዙበት ዘመን። ራስል በካናሉ ዳር ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሁለት ፈረሶች የሚጎትቱትን ጀልባ ያያል። ጀልባው በድንገት ቆመ። ውሃው ግን አልቆመም። ጀልባው ሲገፋው የነበረው ውሃ አፍንጫው አካባቢ ተሰበሰበና እየተናጠ ቆይቶ፣ ጀልባውን ጥሎት ብቻውን ወደ ፊት ሄደ። ርዝመቱ 9 ሜትር ያህል፣ ከፍታው ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ ለስላሳና ክብ ጀርባ ያለው ጉብታ።

ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ይደነቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። ራስል ፈረሱን ኮልኩሎ ተከተለው። ጉብታው በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ቅርጹንም እንደያዘ ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አብሮት ከጋለበ በኋላ ከፍታው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በካናሉ ጠመዝማዛ ውስጥ ጠፋበት። ይኸው ነው ግኝቱ። ላቦራቶሪ የለ፣ መሣሪያ የለ፤ ፈረስና ዓይን ብቻ።

ቤቱ ተመልሶ ጓሮው ውስጥ የሞገድ ገንዳ ሠራ። በአንደኛው ጫፍ ክብደት ይጥላል፣ ወይም አግዶ ያጠራቀመውን ውሃ በድንገት ይለቃል፤ ጉብታዋም ትነሳለች። እንዲህ እያደረገ ዓመታት ለካ። ካገኘው ውስጥ ዋናው ይሄ ነው፤ የሞገዱን ፍጥነት የሚወስነው ጥልቀት ነው። የውሃውን ጥልቀትና የጉብታውን ከፍታ ደምሩ፣ በመሬት ስበት 9.8 አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፤ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ይመጣል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከሆነ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሯጭ ፍጥነት። 4 ሜትር ከሆነ ከ22 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ 4 ሺህ ሜትር የሆነ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ሱናሚ እንደ አውሮፕላን የሚበረው ለዚህ ነው።

ከቀመሩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ረጅሙ ጉብታ ከአጭሩ ይፈጥናል። ራስል ትልቅ ውሃ በአንዴ ሲለቅ ጉብታው ለሁለት ሲከፈልና ረጅሙ ቀድሞ ሲሄድ አይቷል። ከሁሉ የገረመው ደግሞ ሁለት ጉብታዎች ተገናኝተው አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፉ ምንም እንዳልሆኑ መቀጠላቸው ነው። ይሄንን ሁሉ ጽፎ በ1844 ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ።

ከዚያማ ትልልቆቹ መጡ።

ጆርጅ ኤይሪ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ በዘመኑ ከእሱ ቃል በላይ ቃል የለም ማለት ይቻላል። በ1845 ስለ ሞገድ በጻፈው ታላቅ ሥራ የራስልን ጉብታ ከቁብ አልቆጠረውም። በእሱ ሒሳብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚሄድ ማንኛውም ጉብታ ግንባሩ እየተገተረ መሄድ አለበት። ቅርጹን ጠብቆ ሩቅ የሚሄድ ጉብታ በቀመሩ ውስጥ የለም። ጆርጅ ስቶክስም፣ የፈሳሽ ሒሳብን መሠረት ከጣሉት አንዱ፣ በ1847 እንዲህ ያለ ሞገድ ሳይለወጥ መጓዙን ተጠራጠረ።

አስቡት እንግዲህ። ሰውየው በፈረስ ተከትሎታል። ገንዳው ውስጥ ደጋግሞ ሠርቶታል። ለክቶታል። ራስል ደግሞ የሒሳብ ሊቅ አልነበረም፤ የሚመልስበት ቀመር አልነበረውም። ክርክሩ በሒሳብ ቋንቋ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማይችለው ተሸናፊ መሰለ። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይሄን ጨዋታ ብዙ አይቼዋለሁ። ሞዴሉ ገበሬው እንዲህ አያደርግም ይላል፤ ገበሬው ያደርገዋል፤ የሚታረመው ግን ገበሬው ነው።

ራስል ስለ ሞገዱ መከራከሩን ባይተውም ኑሮው ወደ ሌላ ወሰደው። ለንደን ገባ፣ የ1851ዱን ታላቁን የዓለም ኤግዚቢሽን ካዘጋጁት ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ፋብሪካ ያዘ። የመርከብን አፍንጫ በሞገድ ቅርጽ የመቅረጽ ዘዴም አወጣ። ዘዴው በጊዜው ታዋቂ ነበር፤ በኋላ ዊልያም ፍሩድ የሚባል መሐንዲስ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎችን በገንዳ ውስጥ እየጎተተ ሲለካ፣ ራስል እንዳሰበው እንዳልሆነ ታየ። እሱም ይሳሳታል ለማለት ነው።

ትልቁ ስህተቱ ግን የውሃ አልነበረም፣ የገንዘብ ነው። ኢሳምባርድ ብሩኔል የተባለው ዝነኛ መሐንዲስ ግሬት ኢስተርን የምትባል መርከብ አሰበ። ርዝመቷ 211 ሜትር፤ ሁለት የኳስ ሜዳ ብትደረድሩ ይደርስባታል። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለች መርከብ በዓለም ላይ ተሠርታ አታውቅም። ብሩኔል ራሱ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ትፈጃለች ብሎ ገምቷል። ራስል በ377 ሺህ ፓውንድ ገደማ እሠራታለሁ አለና ውሉን ወሰደ። እኛ ጋ ይሄ የአሸናፊ እርግማን ይባላል። ዋጋው በውል በማይታወቅ ነገር ላይ ጨረታ ሲወጣ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ በጣም የተሳሳተው ነው፤ ትርፉን ሳይሆን ስህተቱን ነው የሚያሸንፈው።

በ1856 ፋብሪካው ዕዳውን መክፈል አቃተው። ብሩኔልና ራስል ተጣሉ። መርከቧ በወንዙ ዳር በጎኗ ነበር የተሠራችው፤ በኅዳር 1857 ወደ ውሃ ሲገፏት እምቢ አለች፣ ውሃ የነካችው በጥር 1858 ነው። በ1859 ለሙከራ ስትወጣ ፍንዳታ ደርሶ ሠራተኞች ሞቱ፤ በቀናት ልዩነት ብሩኔልም አረፈ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጣት ወደ ራስል ዞረ። የብሩኔልን ሕይወት የጻፉ ሰዎች ሲከሱት፣ የእሱን ሕይወት የጻፉ ሲከላከሉለት ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኔ የማየው ሁለቱም ትልቅ ሰው፣ ሁለቱም ግትር እንደነበሩ ነው። መርከቧ ራሷ ግን ሰው በማመላለስ ሳይሆን በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ገመድ በመዘርጋት ነው ስም ያገኘችው።

የመጨረሻ ዓመታቱ ያሳዝናሉ። ሀብቱ አልቋል፣ ስሙ ተጎድቷል። ሞገዱን ግን አልተወም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ወደደው። በድምፅና በብርሃን ውስጥ ሳይቀር ያቺን ጉብታ ይፈልግ ነበር፤ የከባቢ አየርን ከፍታ በእሷ ለማስላት ሞክሯል። ከሞተ በኋላ በ1885 የታተመው መጽሐፉ እንደዚህ ያለ ነገር የሞላበት ነው። አንድ እውነት ያገኘ ሰው እውነቷን በሁሉም በር ላይ ቁልፍ አድርጎ መሞከሩ የተለመደ ነው መሰለኝ።

ራስል በሰኔ 1882 በእንግሊዟ ዋይት ደሴት ሞተ። በዚያው ሳምንት እዚህ አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋግተዋል። ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ ቀኖቹን ሳመሳክር ገርሞኝ ነው።

ሳይሞት ግን አንድ መልካም ነገር ሆኖ ነበር። በ1871 ዦሴፍ ቡሲኔስክ የተባለ ፈረንሳዊ፣ በ1876 ደግሞ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሒሳቡን ሠርተው ጉብታዋ ልትኖር እንደምትችል አሳዩ። በ1895 ሁለት የሆላንድ ሰዎች፣ ኮርተቬግና ደ ፍሪስ፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን አጭር ቀመር አወጡ። በቃ፣ ራስል ልክ ነበር። ግን ማን ሰማ? ነገሩ መጽሐፍ ውስጥ ተኛ።

የቀሰቀሰው ኮምፒውተር ነው። በ1953 አሜሪካ ሎስ አላሞስ ውስጥ ፈርሚ፣ ፓስታና ኡላም የተባሉ ሳይንቲስቶች በሽቦ እንደተያያዙ ኳሶች ያለ ነገር በኮምፒውተር አናወጡ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ሜሪ ጺንጉ ናት፤ ስሟ ለብዙ ዓመት ከምስጋና በቀር አልተነሳም። የጠበቁት ጉልበቱ ተበታትኖ በሁሉም ላይ እኩል እንዲዳረስ ነበር። አልሆነም፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለምን? በ1965 ኖርማን ዛቡስኪና ማርቲን ክሩስካል ጥያቄውን ተከታትለው ኮርተቬግና ደ ፍሪስ ጋ ደረሱ። ቀመሩን በኮምፒውተር ሲያስኬዱት ጉብታዎች ወጡ። ረጅሙ አጭሩን ደረሰበት፣ በውስጡ አለፈ፣ ሁለቱም ቅርጻቸውን ይዘው ቀጠሉ። ራስል ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በገንዳው ውስጥ ያየውን ማለት ነው። ሶሊተን ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ሶሊተን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሚሄድ ብርሃን ላይም ተገኝቷል፤ ሽማግሌው በብርሃን ውስጥ ጉብታ ሲፈልግ ሙሉ በሙሉ አላበደም ነበር ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ በራሴ ካላየሁት አላምንም አልኩ። ያገለገለች ላፕቶፕ አለችኝ፣ ፓይተን ትንሽ እሞክራለሁ። ምናባዊ ገንዳ ስትሠሩ ነገሩ ከሒሳብ መዝገብ አይለይም። ገንዳውን በመቶዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ ሣጥኖች ትከፍሉታላችሁ። በእያንዳንዱ ሣጥን ስንት ውሃ እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ትመዘግባላችሁ። ከዚያ ሰዓቱን በጥቂት በጥቂቱ ትገፋላችሁ፤ ከአንዱ ሣጥን የወጣ ውሃ የግድ ጎረቤቱ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ዴቢትና ክሬዲት። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ሰዓቱን በአንዴ ብዙ ከገፋችሁት ሞገዱ ሣጥን ይዘልና መዝገቡ ይፈርሳል። የእኔ መጀመሪያ ላይ ፈርሷል፤ ውሃው ሰማይ ወጥቶ ላፕቶፗ ቁጥር አይደለም የሚል መልስ ሰጠችኝ።

ሲስተካከል፣ በቀላሉ ቀመር፣ ማለትም በኤይሪ ሐሳብ ጀመርኩ። ጉብታዬን አስነሳሁ። ወደ ፊት ስትሄድ ግንባሯ እየተገተረ፣ እየተገተረ ገደል ሆነ። ኤይሪ አልዋሸም። የእሱን ቀመር የሰጠኸው ኮምፒውተር የእሱን መልስ ነው የሚመልስልህ።

የጎደለው ምን እንደሆነ ለመረዳት ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። የኤይሪ ቀመር ውሃ ወደ ጎን ሲሄድ ይቆጥራል እንጂ ሽቅብና ቁልቁል ሲወዛወዝ የሚፈጥረውን ግፊት አይቆጥርም። ቡሲኔስክ የጨመረው እሱን ነው። ያቺን አንዲት መስመር ጨምሬ እንደገና አስጀመርኩ። አሁን ሁለት ነገር ይታገላል። የጉብታው ራስ ከእግሩ ስለሚፈጥን ግንባሩን ይገትራል፤ የተጨመረው መስመር ደግሞ ጉብታውን ይበትናል። የአንዱ ጥፋት የሌላውን ያጣፋል። ጉብታዬ እንደ ተገራ በቅሎ ሳትንገዳገድ ሄደች። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ነው ያስደነገጠኝ። ላፕቶፗ ስለከበዳት ስሌቱን ቀለል ወዳለ ዘዴ ቀየርኩት። ጉብታዋ ሄደች፣ አላበላሸችም፣ የሚያምር ሥዕል ነው። ግን መጨረሻ ላይ ስትደርስ ከፍታዋ በግልጽ ቀንሷል። የራስል ጉብታም ቀንሶ ነበር፤ እሱ ግን እውነተኛ ካናል ስለሆነ ዳሩና ወለሉ ይጎትተዋል። የእኔ ገንዳ ውስጥ ሰበቃ የሚባል ነገር አላስገባሁም። ታዲያ ውሃውን ማን ዝቅ አደረገው? ሣጥኖቼ ናቸው። ዘዴው ሻካራ ስለሆነ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ያለሰልሳል፤ የፊዚክስ መልክ የያዘ የሒሳብ ስህተት ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው አይለየውም።

ከእኔ አሻንጉሊት በጣም የሚበልጡ ምናባዊ ገንዳዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ኦፕንፎም የሚባለውን ሶፍትዌር ማንም በነፃ ማውረድ ይችላል። በአንደኛው ጫፍ ሞገድ የሚያስነሳ ሰሌዳ፣ በሌላኛው ሞገዱ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚውጥ ምናባዊ ዳርቻ አላቸው። ወደብ፣ የባሕር ላይ መድረክ፣ የግድብ ሐይቅ ይሞከርባቸዋል። የግድብ ሐይቅ ቀልድ አይደለም፤ በ1963 ጣሊያን ቫዮንት በሚባል ቦታ ተራራ ተንዶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ውሃው ግድቡን ዘሎ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ጨርሷል። ግድቡ ግን አልፈረሰም፤ የገደለው ሞገዱ ነው። ታዲያ አዲስ ምናባዊ ገንዳ ሲሠራ ከሚቀመጥባቸው የመጀመሪያ ፈተናዎች አንዱ ምን መሰላችሁ? የራስል ጉብታ። ከአንድ ጫፍ ትለቀቃለች፤ ቅርጿን፣ ከፍታዋንና ፍጥነቷን ይዛ ከደረሰች ፕሮግራሙ አለፈ። ከቀነሰች እንደ እኔው ወድቋል። ኤይሪ የለችም ያላት ሞገድ ዛሬ ፈታኝ ሆናለች።

በ1995 ደግሞ ሳይንቲስቶች ኤድንብራ ተሰብስበው እዚያው ዩኒየን ካናል ላይ፣ ራስል ፈረሱን ከኮለኮለበት ብዙም ሳይርቁ፣ በጀልባ ሞገዱን አስነሱት። ቦታው ዛሬ በስሙ ይጠራል። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ ጀልባዋ ቆማለች፣ ጉብታው ከፊቷ እየሄደ ነው፣ ዳር ላይ ሰዎች ያያሉ።

የእኛ ደራሽ የራስል ጉብታ አይደለም፤ ይሄን መናገር አለብኝ። የእሱ በተኛ ውሃ ላይ የሚሄድ ጉብታ ነው። የእኛ በደረቅ አሸዋ ላይ የሚሮጥ ግንባር ነው፤ ከኋላው ያለው ውሃ ጥልቅ ስለሆነ ይፈጥናል፣ ፊቱን መሬቱ ይይዘዋል፣ ከኋላ የመጣው ፊተኛው ላይ ይወጣል፣ እንዲህ ሆኖ ግድግዳው ይሠራል። የኤይሪ ቀመር ለእሱ ይቀርባል እንኳ ማለት ይቻላል። መዝገቡ ግን አንድ ነው፤ ሣጥን፣ ጥልቀት፣ ፍጥነት። ስለዚህ ገንዳዬን አድርቄ፣ ተዳፋት ሰጥቼ፣ ከላይ ውሃ ለቀቅሁባት። ግንባሩ መጣ።

ባለፈው ማጀቴ ስሄድ ቪዲዮውን በስልኬ ለአጎቴ አሳየሁት። አሁን አርጅቷል፣ ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም፤ ስልኩን አቅርቦ አርቆ ሁለቴ አየው። ከዚያ ጉቶው የታለ ሲል ጠየቀኝ። ደራሽ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም አለ። ግንባሩን የሚያቆመው እኮ የሚገፋው እንጨትና ድንጋይ ነው፤ እሱ ሲያዝ ውሃው ከኋላ ይከማቻል፣ ሲለቅቅ ባንዴ ይመጣል። አንዱ ግንባር አለፈ ብለህ ስትገባ የሚወስድህ ሁለተኛው ነው አለ። ሁለተኛ ግንባር እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። የእኔ ገንዳ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። የዚያን ቀንም ፍየሎቹን የወሰዳቸው የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የነገረኝ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

አሁን እንጨት የሚገፋ ውሃ እንዴት እንደሚጻፍ እየፈለግሁ ነው። ላፕቶፗ የምትችለው አይመስለኝም።